እልልታ

በስደት ከሚኖሩበት ከኦቴሎ ሰፈር በአውቶቡስ የመጡት አዛውንቶችና የልጅ ልጆቻቸው፣ በጥንቱ አምሳል እንደገና በተሠራ የእንጨት ምሽግ ግቢ ተሰብስበው ቆሙ። የድሮ ወታደር ልብስ የለበሰው አስጎብኚ ጠመንጃውን ወደ ሰማይ ተኮሰ። ከአዛውንቶቹ አንዷ አያት ተኩስ የምታውቀው ሰርግ ላይ ነበርና ሳታስበው እልል አለች። ጨርሳ ዞር ስትል የስድስት ዓመቷ የልጅ ልጇ ከጎኗ የለችም።

«የኔ እናት! የት ገባሽብኝ?» እያለች ከቤት ወደ ቤት ሮጠች፤ የውኃ ጉድጓዱን ሳይቀር ጎንበስ ብላ አየች። «እናቷን ምን ብዬ ነው ኮል የማደርጋት?»

«እማማ፣ ይረጋጉ እንጂ፤ በሩ ዝግ ነው፣ የትም አትሄድም» አላት የጉዞው አስተባባሪ።

«ታዲያ ካለች ለምን አትመልስልኝም? ድምፄን እኮ ታውቀዋለች!»

በመጨረሻ በወታደሮቹ መኝታ ቤት፣ ከአንዱ አልጋ ሥር የነጠላ ጥለት ታያት። ጠዋት ብርዱን ፈርታ ልጅቷ ላይ የጣለችው የራሷ ነጠላ ነበር። የሚያማትን ጉልበቷን አጥፋ አጎነበሰች። ልጅቷ ግድግዳው ላይ ተለጥፋ፣ ዓይኗን አፍጥጣ ታያታለች።

«ስጠራሽ አልሰማሽም?»

«ሰምቻለሁ» አለች ልጅቷ በሹክሹክታ። «ሲተኮስ የምታውቂው ሰው ቢጠራሽም አትመልሺም። ትምህርት ቤት ተኳሽ ቢገባ ብላ ቲቸር አስተምራናለች።» ከዚያ አያቷን በእጇ ይዛ ወደ ውስጥ ጎተተቻት፤ ነጠላውንም በሁለታቸውም ላይ ጣለችው። «አንቺ ግን ጮህሽ፣ አያቴ። አሁን ያገኙናል» አለችና ትንሿን መዳፏን እልል ባለው የአያቷ አፍ ላይ ጫነች።