አዲሱ መዋኛ ገንዳ የቀላበት እሁድ

"አንተ ነህ ያበላሸኸው! አንተ ሽማግሌ!"

የቤቱ ባለቤት ኦስዋልዶ ጮኸ... ሠላሳ የሚሆን እንግዳ ፊት።



ሽማግሌው ዶን ኤቬሊዮ ይባላሉ። ዕድሜያቸው ስልሳ ዘጠኝ ነው። እዚህ ኮሎምቢያ፣ ጊራርዶት ከተማ ውስጥ የሰው መዋኛ ገንዳ ሲያጸዱ ሠላሳ ዓመት አልፏቸዋል።

ከእግራቸው ሥር አዲስ የተሠራው ገንዳ ተንጣሏል... ውሃው ግን ሰማያዊ አይደለም።

ቡናማ ነው። ነጩ ልስን ላይም እዚህም እዚያም የዝገት እድፍ ተለጥፏል።

የኦስዋልዶ የሚስቱ ወንድም ኔስቶር ቢራውን እንደያዘ ቀረብ ብሎ አየው።

"ኦስዋልዶ! የፓኔላ ሻይ ልትጋብዘን ነው እንዴ? ታዲያ ምነው ሎሚውን ረሳኸው?"

(ፓኔላ ከሸንኮራ አገዳ የሚሠራ ቡናማ ስኳር ነው፤ ሻዩ በሎሚ ይጠጣል።) እንግዳው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ።

የኦስዋልዶ ፊት በርበሬ መሰለ።

ቀኑ የእናቱ ሰማንያኛ ልደት ነው። ከቦጎታ ድረስ ዘመድ ተጠርቷል። ልጆቹ ከጠዋት ጀምሮ የዋና ልብስ ለብሰው ይቁነጠነጣሉ... የኦስዋልዶም ልጅ አባቷ አጠገብ ቆማለች።

"እኔ ነኝ ጥፋተኛው! እርስዎ እያልኩ ሳከብርህ የከረምኩት! ዓይንህ አያይ፣ እጅህ አይሠራ... ውጣልኝ!"

ዶን ኤቬሊዮ ቆባቸውን አወለቁ።

"ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ዶክተር።"

(ኦስዋልዶ ጎማ ነጋዴ ነው... እኛ ጋ ግን ሸሚዙን ሱሪው ውስጥ የከተተ አለቃ ሁሉ ዶክተር ነው።)

ብሩሻቸውን፣ የውሃ መለኪያ ሳጥናቸውንና አንድ ጆንያ ሞተር ሳይክላቸው ላይ ጭነው ሄዱ።

እስከ በር የሸኛቸው እንኳን የለም።

አሁን እውነቱን ልንገራችሁ...

ገንዳው ውሃ ከተሞላ ገና ሳምንት አልሞላውም ነበር።

ዶን ኤቬሊዮ ጠዋትም ከሰዓትም እየመጡ፣ ከአዲሱ ልስን የሚለቀቀውን ነጭ ብናኝ በብሩሽ ይፈገፍጋሉ። ውሃውን በትንሽ ብልቃጥ ቀድተው የመለኪያ ፈሳሽ ጠብ ያደርጉበታል፣ ቀለሙን ፀሐይ ላይ ያያሉ... ከዚያ ውሃውን የሚያስተካክለውን አሲድ በልክ በልኩ ይጨምራሉ።

"ዶክተር፣ ልስኑ ገና ጥሬ ነው። ውሃው ደግሞ የጉድጓድ ነው፣ ብረት አለው። ብረቱን በመድኃኒት ሳልይዘው ክሎሪን ከነካው ይዝጋል። ልደቱን ሁለት ሳምንት ይግፉት።"

"እና እናቴን፣ እስኪ ሰማንያ መሙላቱን ትንሽ አቆዪልኝ ልበላት?" ብሎ ሳቀ ኦስዋልዶ።

ቅዳሜ ከሰዓት ሽማግሌው ሥራቸውን ጨርሰው ሲሄዱ ኦስዋልዶ ገንዳውን አየው።

ውሃው እንደ ሩዝ እጣቢ ደፍርሷል።

ነገ ኔስቶር ይመጣል... ዓመቱን ሙሉ "አንተና ገንዳ!" እያለ ሲያሾፍበት የከረመው ኔስቶር።

ኦስዋልዶ ዕቃ ቤት ገባ። የክሎሪኑን ባልዲ ከፈተ።

ውሃውን ያጠራልኛል ብሎ አንድም ሳያስቀር ገንዳው ውስጥ ደፋው።

ብዙም ሳይቆይ ውሃው መቅላት ጀመረ...

ባዶውን ባልዲ አጥሩ ሥር ያለው የቅጠል ክምር ውስጥ ደብቆ ቤት ገባ። ለማንም ትንፍሽ አላለም።

አዎ... ያበላሸው እሱ ራሱ ነበር።

ማክሰኞ አላስችል ሲለው ወደ ዶን ኤቬሊዮ ቤት ሄደ።

ሽማግሌው በረንዳቸው ላይ የዓሣ ቅርፊት እየፋቁ ነበር።

"ዶን ኤቬሊዮ... ያ ክሎሪን..."

"አውቃለሁ።"

"ምኑን ነው የሚያውቁት?"

"እሁድ ጠዋት ውሃውን ስለካው ክሎሪኑ ከመለኪያዬ አልፏል። ዞር ዞር ስል ባልዲውን ቅጠሉ ውስጥ አገኘሁት። ለብቻ ላናግርዎት ስል እንግዳ ደረሰ። ሰው እንዳያየው ጆንያ ውስጥ ከትቼ ይዤው ወጣሁ።"

ኦስዋልዶ የሚገባበት ጠፋው።

"ታዲያ እያወቁ... እንደዚያ ስሰድብዎት ለምን ዝም አሉ?"

ዶን ኤቬሊዮ ቢላዋቸውን አስቀመጡ። ለመጀመሪያ ጊዜ "ዶክተር" ማለቱን ተዉት።

"ልጅህ አጠገብህ ቆማ ነበር፣ ልጄ። እኔ ሌላ ገንዳ አላጣም... እሷ ግን ሌላ አባት ከየት ታመጣለች?"

ኦስዋልዶ ጉልበታቸው ላይ ወድቆ ይቅርታ ጠየቀ። አነሱት። እጃቸው ዓሣ ዓሣ ይሸታል...

ቤቱ እንደደረሰ የአሥራ አንድ ዓመት ልጁን ሉሴሮን ጠርቶ ገንዳው ጠርዝ ላይ አጠገቡ አስቀመጣት።

"የኔ እናት... ውሃውን ያበላሸሁት እኔ ነኝ።"

ሉሴሮ ቀና ብላ አላየችውም።

"አውቃለሁ፣ አባዬ።"

"ማን ነገረሽ?"

"ማንም። ቅዳሜ ስትደፋው በመስኮት አይቼሃለሁ።"

"እና... ለምን ዝም አልሽ?"

"እሳቸው ላይ ስትጮህ... አሁን ይናገራል፣ አሁን ይናገራል እያልኩ ስጠብቅህ ነበር።"

ኦስዋልዶ በሕይወቱ ብዙ ጊዜ አፍሯል። እንደዚያች ደቂቃ ግን አፍሮ አያውቅም።

የዚያኑ ዕለት ልደቱ ላይ ለነበሩት ሁሉ በድምፁ መልእክት ላከ። "ጥፋቱ የኔ ነው። ዶን ኤቬሊዮ አስጠንቅቀውኝ ነበር።" ኔስቶር የሳቅ ምስል ደርድሮ መለሰለት... ኦስዋልዶ ዋጠው።

ዶን ኤቬሊዮ ተለምነው ተመለሱ። እድፉን በቫይታሚን ሲ ዱቄት እያሹ፣ ውሃውን እየለኩ፣ በሦስት ሳምንት ገንዳውን ጥርት አደረጉት።

ሉሴሮ አባቷን ዛሬም ትወደዋለች... ግን አንድ ነገር ሲነግራት፣ መጀመሪያ ዓይን ዓይኑን ታየዋለች።

ወዳጆቼ... ጥፋታችንን ደካማ ሰው ላይ የምንለጥፈው ማንም አላየንም ብለን ነው። ልጆቻችን ግን ያያሉ። አይተውም ዝም ይላሉ... እኛ እስክንናገር እየጠበቁ።

እናንተስ... የእናንተን ጥፋት ተሸክሞ አንገቱን ደፍቶ የሄደ ሰው ታስታውሳላችሁ? ዛሬ ፊት ለፊት ብታገኙት የመጀመሪያዋ ቃላችሁ ምን ትሆን ነበር? ከሥር ጻፉለት... ማን ያውቃል፣ ያነበው ይሆናል።