ድንኳን ፍለጋ

ሽማግሌው ከፈረሰው ሰፈር ብቻዋን ከቀረችው ቆርቆሮ ቤቱ ወጥቶ አስፋልቱን ሲሻገር ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። ማዶ ያሉት ቪላዎች አጥራቸው ከእሱ ጣሪያ ይረዝማል። በአንዱ ክፍት በር ያየው የውሻ ቤት እንኳ ጣሪያው የሚያፈስ አይመስልም። ጋቢውን ተከናንቦ፣ እግሩ እየተጎተተ፣ ከመንገድ መንገድ እየዞረ በየግቢው በር አሻግሮ ተመለከተ።

«አባት፣ እዚህ አይለመንም! ይሂዱ!» አለው አንዱ ጥበቃ ዱላውን እያሳየ።

መንገዱን ቀጠለ።

መጨረሻው መንገድ ላይ የለቅሶ ድንኳን አየ። ለቅሶ ቤት ሰው አይከለከልምና ገብቶ ጥግ ያዘ። ዕለቱ ሠልስት ነው። የሞቱት ዕድሜ የጠገቡ አዛውንት በመሆናቸው የሚያለቅስ አልነበረም፤ ጎረምሶቹ ካርታ ይጫወታሉ። እሱ ግን ፊቱን በጋቢው ሸፍኖ ተንሰቀሰቀ። ትከሻው እስኪርገበገብ አለቀሰ።

ጨዋታው ቆመ። ነጠላዋን ያዘቀዘቀች የሟች ልጅ ወጥ የሞላ ሳህን ይዛ መጣች።

«ይበቃል አባባ፣ እህል ይቅመሱ። አባዬን የት ያውቁት ነበር?»

«አላውቃቸውም።» ሳህኑን አልተቀበላትም። «እህል ፈልጌም አይደለም ልጄ። ሰፈራችን ሲፈርስ እድራችን ተበተነ፤ ጎረቤት የሚባል አልቀረኝም።»

ወደ ካርታ ተጫዋቾቹ ቀና አለ።

«ባለቤቴ ትናንት አርፋ እቤት ናት። ቃሬዛ የሚሸከሙ ሦስት ሰዎች ብቻ አውሱኝ። አራተኛው እኔ ነኝ።»