በሌበን የሚያልቁ መንደሮች

አቶ ወልደ ሥላሴ ሲያትል የመጡት ሊወለድ ያለ የልጅ ልጅ ለመሳም ነበር። ቢከን ሂል ሰፈር ያለው የልጃቸው የሠርካለም አፓርታማ በገቡ በሳምንቱ ግን የምግብ ጠረጴዛውን ወረሱት።

ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው። ወንድ ልጃቸው ሀይለየሱስ ምሥራቅ ጀርመን ሊማር ሄዶ፣ ግንቡ ሲፈርስ እዚያው ቀረ። አምና ደውሎ አንዲት መንደር መግባቱን ነገራቸው፤ ከዚያ ወዲህ ድምፁ ጠፋ። ከመንደሪቱ ስም ጆሯቸው ላይ የቀረው መጨረሻው ብቻ መሆኑን ይናገራሉ፤ ሌበን። ስለዚህ ከቤተ መጻሕፍት ካርታ እየተዋሱ የጀርመን መንደሮችን በስማቸው መጨረሻ እየለዩ በካርድ ይጽፋሉ። ለሃይም አንድ ሳጥን፣ ለሮደ አንድ ሳጥን፣ ለሌበን ትልቁ ሳጥን።

«ሮደ ጫካ ተመንጥሮ የተሠራ መንደር ነው» አሉት አንድ ምሽት የሠርካለምን ባል አማረን። «ሌበንን ግን ሰው ሕይወት ይመስለዋል። አይደለም። ሟች ትቶት የሄደው ርስት ማለት ነው።»

አማረ ኦበርን ከተማ መጋዘን ውስጥ ሲያነሳ ሲጥል የዋለ ሰው ነው። እንቅልፍ እየታገለው ራሱን ነቀነቀ።

ሀይለየሱስ ሞቷል። እዚያችው መንደር አጠገብ መኪና ገጭቶት ሞቷል። አባቷ ከመምጣታቸው በፊት ጓደኛው ለሠርካለም ደውሎ ነግሯታል። የሽማግሌው ልብ ደካማ ነው፤ ሐኪም ድንጋጤ እንዳይነካቸው ብሏል። መርዶ በስልክ አይነገርም፣ ሲመጡ ይነገራቸዋል ተባለ። ሲመጡ ትንሽ ይረፉ ተባለ። ከዚያ ጾሙ ይፈታ፣ ከዚያ ብርዱ ይለፍ። ሠርካለም ሆድ ይፍጀው ብላ፣ ሻወሩን ከፍታ በውሃው ድምፅ ተሸፍና ታለቅስ ነበር። የገፋ ሆዷን ደግፋ ስትወጣ ፊቷ ላይ ፈገግታ አለ።

ማስመሰሉ እንዲሞላ ብላ አንድ ቀን፣ «አባባ፣ ለየከተማው ማዘጋጃ ቤት እኔ ኮል ላድርግልዎት?» አለቻቸው።

«አንቺ እረፊ» አሏት። «ስልኩን ተይው።»

እፎይ አለች።

እሷ ቤት ስትሆን ስሞቹን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያነባሉ፣ ክፍል ውስጥ ተማሪ እንደሚጠራ መምህር። ሠርካለም አንዱ ላይ «አቤት» የሚል ይመጣል ብላ ትፈራለች። ስትወጣ ግን ብዕሩ ይቀመጣል፤ ሽማግሌው መስኮቱን ያያሉ። አማረ አንዴ ቤት ሲውል አይቷቸው ደክሟቸው ነው ብሎ አለፈው።

አንድ ከሰዓት አባቷ ሊናፈሱ ሲወጡ ሠርካለም ትልቁን ሳጥን ከፈተች። ወንድሟ የሞተባትን መንደር ካርድ ልታወጣና ልትቀደው ነው፤ አባቷ እዚያ ስም ላይ እንዳይደርሱ። ካርዶቹ በፊደል ተራ ተደርድረዋል። ከመንደሪቱ በፊት ያለው አለ፣ ቀጥሎ ያለውም አለ። የመንደሪቱ የለም። አማረን ጠየቀችው። አልነካሁም አለ።

ከዚያን ቀን ወዲህ ቤቱ ውስጥ አራተኛ ሰው ገባ። ባዶው ወንበር ይከብዳታል። ጀርባዋን ሰጥታው ሳህን ማጠብ አልቻለችም።

«ካርዱን የወሰደው ሀይለየሱስ ነው» አለችው ባሏን። «ለአባቴ ንገሪው እያለኝ ነው።»

አማረ ጋሽ ጳውሎስ ዘንድ ሄደ። በሰፈሩ መርዶ የሚያረዱት እሳቸው ናቸው። ሙት ዓመቱ ሳይደርስ አባት ማወቅ አለበት፣ ይህን መደበቅ ኃጢአት ነው አሉ። እሁድ ጎህ ሲቀድ ሊመጡ ተስማሙ።

እሁድ ጋሽ ጳውሎስና አብረዋቸው የመጡት ሽማግሌዎች መኪናቸውን ራቅ አድርገው ፓርክ አደረጉና ነጠላቸውን አጣፍተው ደረጃውን ወጡ። አማረ ውሃና የልብ መድኃኒቱን አዘጋጅቶ ሳሎን ቆሟል። ሠርካለም መኝታ ቤት በር ጀርባ ሆዷን ይዛ ትጠብቃለች። አባቴን ዛሬ ልገድለው ነው ትላለች በልቧ።

ሳይንኳኳ የውጭው በር ተከፈተ። አቶ ወልደ ሥላሴ በመስኮት አይተዋቸው ኖሮ ልብሳቸውን ለብሰዋል። አማረን አልፈው ወደ ኮሪደሩ ወጡና በሩን ከኋላቸው ቀስ ብለው ዘጉት። ከሳጥኑ የጠፋችው ካርድ ከደረት ኪሳቸው ብቅ ብላለች።

«ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ» አሉ በሹክሹክታ። «እኔ ገና አገር ቤት ሳለሁ ተረድቻለሁ፤ ልጄ ግን እስክትገላገል ድረስ የወንድሟን ሞት እንዳትሰማ፣ በእግዚአብሔር ይዣችኋለሁ።»