የማያልቀው ባትሪ

ኡዘይር ቺፑን መተኛት ካስተማረው ወዲህ የባትሪው ነገር ገርሞታል።

ቺፑ ተሠርቶ ካለቀ በኋላም ውስጡ እንደ አዲስ የሚዋቀር ዓይነት ነው። ባሕር ዳር የሚማረው ኡዘይር፣ ጎንደር አዲስ ዓለም ለምትኖረው ጆሮዋ ለደከመ እናቱ በዚሁ ቺፕ ማዳመጫ ሠራላት። ቺፑና ባትሪው ያሉበት ከረጢት አንገቷ ላይ ይንጠለጠላል፤ ሽቦው ጆሮዋ ውስጥ ይገባል። ክፋቱ ሆዳም ነው፤ አንዱን ባትሪ በሁለት ቀን ይጨርሳል።

"ይሄስ የሠርግ እንግዳ ነው እንዴ? በልቶ የማይጠግብ!" አለች እናቱ።

ኡዘይር መላ አበጀለት። ቺፑ ስሟን እስኪሰማ ድምፅ ሳያሳልፍ ይተኛል፤ ሲሰማ ይነቃል፣ አንድ ሰዓት ያገለግልና ተመልሶ ያንቀላፋል። አባቱ ሐጂ ሸሪፍ ከጀርባዋ ቆመው በስሟ ጠሯት።

"አቤት፣ ሸሪፌ!" ብላ ዞረች።

ባትሪው ሦስት ሳምንት ከረመ።

ሐምሌ ዘጠኝ፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ፣ ሐጂ ወደ ጨርቅ ሱቃቸው እንደወጡ ቀሩ። ልባቸው ነው አሉ። ኡዘይር ከቀብር በኋላ አዲስ ባትሪ አስገብቶላት ሄደ።

መስከረም ላይ ሲመጣ ባትሪው አላለቀም። ኅዳርም አላለቀ።

ጠረጠረ። ልጇን ለማስደሰት ብላ በድብቅ እየገዛች ትቀይር ይሆናል። ባለሱቁን አብዱልመናንን ጠየቀው።

"የኡዘይር እናት? ኧረ ባትሪ ወስዳ አታውቅም!"

ቤት ተመልሶ ባትሪውን አውጥቶ ለእናቱ አሳያት።

"ቀይረሽዋል?"

"እኔ? ወላሂ ጣቴ አላረፈበትም! እናትህን ሌባ አረግሃት?"

"ደህና ይሰማሻል ግን?"

"ሸጋ ነው ልጄ፣ ሸጋ ነው።" ዓይኗ ከከንፈሩ አልተነቀለም።

ጎረቤታቸው ፈህሚያ ገባች። "የኡዘይር እናት!" ብላ ትከሻዋን ነካ አደረገቻት። "ልጅሽ እኮ ድምፁ ሳይቀር ቁርጥ አባቱን ሆነ!"

እናቱ ሳቅ ብላ ራሷን ነቀነቀች።

ኡዘይር ግን አላመነም። ባትሪው ላይ በጥፍር ቀለም ቀይ ነጥብ አድርጎበት ሄደ።

የካቲት ላይ ተመለሰ። ነጥቡ እንዳለ ነው። ያው አንድ ባትሪ፣ ሰባት ወር! እንደ ሕፃን ዘለለ። እንዲህ ያለ ቁጠባ መምህራኑም አላዩ። በሳምንቱ ጥናቱን ያቀርባል፤ የቀረው ቺፑ የነቃባቸውን ሰዓቶች መዝገብ ኮምፒዩተሩ ላይ ማንበብ ብቻ ነው።

መዝገቡ አጭር ነበር። ለመጨረሻ ጊዜ የነቃው ሐምሌ ዘጠኝ፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት።

ኡዘይር ኮምፒዩተሩን ዘጋ። ከዚያ ከረጢቱን አንገቷ ላይ መለሰላት፣ ሽቦውን ጆሮዋ ውስጥ አስገባላት። እሷም ዞራ ምስሯን መልቀም ቀጠለች። ከጀርባዋ ቆመ። ነውሩን ዋጥ አድርጎ፣ ከተወለደ ጠርቶት የማያውቀውን ስም ጠራ።

"ሐዲጃ።"

"አቤት፣ ሸሪፌ!"