የመጨረሻው ጥሪ

ከባሏ ጀልባ የተነቀለውን ሬዲዮ በጥገና ክፍሏ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ ከባትሪ ጋር አገናኘችው። ጀልባዋ ከማዕበሉ በኋላ ባዶዋን ነበር የተገኘችው። የዚያን ቀን የወደቡ ሬዲዮ ተረኛ የነበረው የባሏ ታናሽ ወንድም፣ ምንም ጥሪ አልደረሰኝም ብሎ ምሎ ተገዝቷል። አማቷ አጠገቧ ቆመዋል። ሬዲዮው ኃይል ሲያገኝ የመጨረሻውን ጥሪ መዝገብ በመብራት መልሶ ያሳያል። ቀዩ መብራት ብልጭ ድርግም አለ።

«ምን አለ ልጄ?»

«ጠርቶ ነበር፣ እማዬ። ቀዩ ሲበራ የእርዳታ ጥሪው ወጥቷል ማለት ነው።»

«እኔን! እኔን ይድፋኝ!» አሉ ደረታቸውን እየመቱ።

ወዲያው ቀዩ ጠፋና አረንጓዴው በራ። አልተርገበገበም፤ ቀጥ ብሎ በራ።

«ይሄኛውስ?»

«ጥሪው ተሰምቷል ማለት ነው። አረንጓዴው የሚበራው ተረኛው ደርሶኛል ብሎ በእጁ ቁልፉን ሲጫን ብቻ ነው።»

አሮጊቷ መብራቱን ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ገመዱን ከባትሪው መንጭቀው ነቀሉት።

«አንዱን ባሕር ወሰደብኝ» አሉ። «ሌላውን አንቺ አትውሰጂብኝ።»

መልስ ሳይጠብቁ ሬዲዮውን በሁለት እጃቸው አቅፈው ወጡ።