ፍንጭት

በወረንጦው ጫፍ የያዛትን የሽሪምፕ ቁራጭ በመስታወት ሳጥኑ ውሃ ውስጥ ከዓሣው አፍ ፊት ለፊት ያወዛውዛታል፣ በሕይወት ያለች እንድትመስል። ዓሣው ያያታል። ቢጫና ነጭ ሸንተረር ያለው፣ መዳፍ የሚያህል፣ አፉ እንደ ወስፌ የሾለ ፍጥረት ነው። አንዴ ቀረብ ይላል፤ ከዚያ እንደ ተቀየመ እንግዳ ፊቱን አዙሮ ወደ ድንጋዮቹ ይመለሳል።

«ተው እንጂ» ይላል ሰውየው። «ዘጠኝ ቀን እኮ ነው!»

ሰፈሩ ሁሉ ጥርስ ሠሪው ይለዋል። ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ለስንቱ ድዳም ጥርስ ሠርቶ ቆሎ ያስቆረጠመ እጅ፣ ዛሬ የአንድ ዓሣ አፍ ማስከፈት አቅቶታል። የውሃውን ጨው ይለካል፤ ሙቀቱን ያያል፤ ምግብ ይቀያይራል። ምንም። የዓሣው ሆድ ወደ ውስጥ ገብቷል፤ ከፊት ሲያዩት እንደ ወረቀት ሳስቷል። ዓሣ ሻጩ «ሳይበላ አሥር ቀን ካለፈው አይተርፍም» ብሎታል።

ስልኩ ይጮኻል። ልጁ ናት። የምትኖረው ሌላ ከተማ ነው፤ ዓሣውን ከነመስታወት ሳጥኑ የላከችለትም እሷ ናት፣ «ቤት ውስጥ ሌላ የሚተነፍስ ነገር ይኑር» ብላ።

«አባዬ፣ በላ?»

«አልበላም።»

«አንተስ?»

«እኔማ በላሁ።» ከጠዋት ጀምሮ ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠውን ዳቦ ያያል።

«ምን በላህ?»

«ኧረ በሕግ! መርማሪ ሆንሽ እንዴ?»

«ድምፅህ የበላ ሰው ድምፅ አይደለማ። እማዬ ብትኖር...» ትልና ታቆማለች። «እሺ፣ ሻጩ ምን አለህ?»

«‹ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም› ብሎ ተረተብኝ። ይሄ ዓሣ ከሰው እጅ አይቀበልም አሉ። ከድንጋይ ስንጥቅ እየለቀመ ነው የሚበላው። ድንጋዩ ላይ ሳደርግለት ደግሞ ውሃው ጠርጎ ይወስድብኛል።»

«ታዲያ ጠበብ ያለ ስንጥቅ ፈልግለታ! ዕድሜህን ሙሉ ስንጥቅ ስትደፍን ኖረህ ዛሬ አንድ አጣህ?» ትስቃለች። «በል ስብሰባ ልገባ ነው። ብላ እሺ፣ አባዬ?»

ስልኩ ሲዘጋ ቤቱ ከቅድሙ ይበልጥ ጭር ይላል። የውሃ ማጣሪያው ብቻ ያጉረመርማል።

ቆይቶ መሳቢያውን ይከፍታል። ከሞረዶቹ ሥር በጨርቅ የተጠቀለለ የላይ ጥርስ አለ። ለሚስቱ የሠራው ነው፤ ግን አንድ ቀን እንኳ አልበላችበትም። የፊት ጥርሶቿን ያጣች ጊዜ፣ ሌላ ሥራ ሁሉ አቁሞ ተጨንቆ ሠራላት፤ እኩል፣ ግጥም ያለ፣ ስንጥር የማያስገባ፣ የሙያው ጥግ። መስታወት ፊት ቆመች። ከዚያ አውልቃ መዳፉ ላይ አስቀመጠችለት።

«ይሄ የሌላ ሴት አፍ ነው» አለችው። «ፍንጭቴ የታለ?»

ያንን ፍንጭት አይቶ ነበር እኮ ያገባት! ዕድሜ ልኩን ሲያየው የኖረውን፣ ባለሙያ ነኝ ብሎ እንደ ጉድለት ደፍኖት ቁጭ አለ። አፍሮ ሌላ ሠራላት፣ ባለ ፍንጭት። እሱን እንዳደረገች ተቀበረች፤ ስምንት ወሯ።

የመሳቢያውን ጥርስ ከሳጥኑ በቀዳው ውሃ ያለቀልቀዋል፤ ሳሙና አያስነካውም። ሽሪምፑን ጥርሶቹ መሃል ለማስገባት ይታገላል፤ እንቢ ሲለው ከላይ ለጥፎ ወደ ውሃው ያወርደዋል። ዓሣው ይመጣል። በሾለ አፉ ጥርሶቹን አንድ በአንድ ይዳስሳል። መግቢያ ያጣል። ይመለሳል፤ ቁራሹንም ውሃው ይወስደዋል።

«አንተም?» ይላል ጥርስ ሠሪው።

ጥርሱን አውጥቶ መስኮቱ ሥር ይቀመጣል። ትንሿን ሞረድ በሁለቱ የፊት ጥርሶች መሃል ያሳርፋታል። እጁ እዚያ ላይ ይቆማል። እንከን የማይወጣለት ሥራው ነው፤ አንዴ ከተሞረደ ደግሞ አይመለስም።

ይሞርዳል። ነጭ ብናኝ ጉልበቱ ላይ ይረግፋል። ስፋቱን መለካት አያስፈልገውም፤ ዓይኑ ያውቀዋል። ከግራ ትንሽ፣ ከቀኝ በጣም ትንሽ። መዳፉ ላይ የምትስቀው ሴት ቀስ በቀስ ሌላ ሴት መሆኗን ትተዋለች።

«ይኸው» ይላል፣ ዘግይቶ።

እንደገና ያለቀልቀዋል። ሽሪምፑን ፍንጭቱ ውስጥ በወረንጦ ጠቅ ያደርገዋል፤ ይይዝለታል። ጥርሱን ድንጋዩ ላይ አስቀምጦ እጁን ያወጣና ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው ሳብ ያደርጋል።

«አፈር ስሆን» ይላል፣ ሳያስበው። ሳህን ባቀረበችለት ቁጥር የምትለው ነው። ከእሱ አፍ ወጥቶ አያውቅም።

ዓሣው ድንጋዩን አንዴ ይዞረዋል። ይቆማል። አፉን ፍንጭቱ ውስጥ ይሰድና ይጎትታል፤ ቢጫ ጎኑ ይንቀጠቀጣል። ይውጣል። እንደገና ይሰዳል።

ሰውየው ወደ ስልኩ ያያል። ልጁ ስብሰባ ላይ ናት። ሌላ የሚነግረው ሰው ያስባል፤ አያገኝም። ዓይኑን ከመስታወቱ ሳይነቅል ይቀመጣል።

በጸጥታው መሃል የሆነ ነገር ሲታኘክ ይሰማዋል፤ ደረቅ፣ ዝግ ያለ። ወደ ሳጥኑ አንገቱን ሰገግ አድርጎ ያዳምጣል። ዓሣ ሲበላ ድምፅ የለውም። ዳቦው እጁ ላይ ተገምሷል።