የእትዬ ጋቢ

«ሠራተኛዬ አይደለችም። አዝዣት አላውቅም፤ እንደ ልጄ ነው ያኖርኳት።» እትዬ ፈትያ ለክሱ የሰጡት መልስ ይኸው ነበር። በለጠች ደባርቅ ባለው ሆቴላቸው፣ ስሜን ተራራ ለሚወጡ እንግዶች ስታበስል ኖራ፣ ሆዷ ገፋ ሲል ነበር ያባረሯት። «እንደ ልጄ» መባሉ የመጣው ስትከሳቸው ነው። «ነፍሰ ጡርን ማባረር ክልክል ነው» ብሏታል ክሱን የጻፈላት ሰው፤ «አንቺ ብቻ ዳኛው ፊት ‹ያዝዙኝ ነበር› በይ።»

ተራቸውን ሲጠብቁ ሁለቱም በፍርድ ቤቱ ኮሪደር አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ነበር። በለጠች ክስ ጸሐፊው ያስጠናትን ቃል በልቧ ትደጋግማለች። እትዬ ፈትያ ትከሻቸውን አቀፉ። «በለጥዬ፣ ሞት ይርሳኝ፣ ጋቢዬን መኪናው ውስጥ ትቼው። እስቲ አምጪልኝ፣ ብርዱ ገደለኝ» ብለው ቁልፉን ዘረጉላት። እጇ ከሐሳቧ ቀድሞ ተቀበለ። ሆዷን በአንድ እጇ ደግፋ ወደ መንገዱ ወረደች።

ጋቢውን ታቅፋ እያለከለከች ስትመለስ፣ እትዬ ፈትያ ከችሎቱ እየወጡ ነበር። የችሎት አስከባሪው ከኋላቸው ብቅ አለ።

«የት ሄደሽ ነው አንቺ? ስጠራሽ ስጠራሽ! ከሳሽ አልቀረበችም ተብሎ መዝገቡ ተዘጋ እኮ።»

«እትዬ አዘውኝ ነው» አለች።

አስከባሪው በሩን ዘግቶ ገባ። እትዬ ፈትያ ጀርባቸውን ሰጥተዋት ቆሙ። በለጠችም እንደ ለመደችው ጋቢውን ትከሻቸው ላይ ጣል አደረገችላቸውና ጠርዙን ደረታቸው ላይ አስተካከለችላቸው።